ራቭ4 ወይስ ሲአር-ቪ? በሜትር፣ በደብተርና በእናቴ ጉልበት

ካሁን በፊት የነበረችኝን መኪና የገዛኋት ቀለሟን አይቼ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ነበረች። ቸርኬዋ ያብረቀርቃል፣ ስክሪኗ ትልቅ ነው። አሥር ደቂቃ ነዳኋት፣ ወደድኳት፣ ፈረምኩ። በሳምንቱ የልጄን ወንበር ከኋላ ልገጥም ስል፣ የፊተኛው ወንበር ወደፊት ካልተገፋ በቀር እንደማይገባ አወቅሁ። ባለቤቴ ደግሞ ቁመቱ 1 ሜትር ከ86 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፎ ተጓዘ። አንድም ቀን አልተናገረኝም። ዝምታው ግን ከንግግር ይብስ ነበር።

ያቺን ሸጬ ሌላ ልገዛ ስነሳ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሁለት መኪና ሳልለካ፣ ቤተሰቡን ሳላስቀምጥባቸው፣ ፊርማ የለም። ምርጫዬ ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ላይ ቆመ፦ የ2019 ቶዮታ ራቭ4 ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) እና የ2019 ሆንዳ ሲአር-ቪ። የቆዩ ተፎካካሪዎች ናቸው። ራቭ4 በፈረንጆቹ 1994፣ ሲአር-ቪ በ1995 ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ባደገ ቁጥር ሌላውም እያደገ እዚህ ደርሰዋል። ስፋታቸው ቁርጥ አንድ ነው፣ 1,855 ሚሊሜትር። የርዝመት ልዩነታቸው ሁለት ጣት አይሞላም። በዓይን ብቻ ለመምረጥ የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው። እናንተ የምታወዳድሩት ሌላ ጥንድ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ስሙ አንድ፣ ሞተሩ ሌላ

መጀመሪያ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ስም እርሱት። አምስተኛው ትውልድ ሲአር-ቪ በአንዱ ገበያ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ፣ በሌላው ባለ 2.4 ሊትር ያለ ቱርቦ፣ በሌላው ደግሞ ባለ 2.0 ሊትር ሃይብሪድ ሆኖ ተሸጧል። ራቭ4ም 2.0 አለው፣ 2.5 አለው፣ የ2.5 ሃይብሪድም አለው። ካምቢዮውም ከሞተሩ ጋር ይቀያየራል። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ «ይሄ መኪና ነዳጅ አይቀምስም» የሚላችሁ ሰው፣ እናንተ ልትገዙት ያሰባችሁትን ሞተር ጨርሶ ነድቶት ላያውቅ ይችላል። ሻጩ ጋ ስትደውሉ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ሞተሩ ምንድን ነው? ካምቢዮውስ?» በሉ።

እኔ ያየኋቸው እነዚህ ነበሩ። ሲአር-ቪው ባለ 1.5 ቱርቦ፣ ካምቢዮው ሲቪቲ፣ ማለትም ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ። ራቭ4ው ባለ 2.5 ሃይብሪድ። ሁለቱም በአራቱም ጎማ የሚገፉ ናቸው ይባላል። ከሥራቸው ስታጎነብሱ ግን ሲአር-ቪው ጉልበቱን ከፊት ወደ ኋላ በረጅም ዘንግ ሲያሻግር ታያላችሁ። ራቭ4 ሃይብሪድ ዘንግ የሚባል ነገር የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አንዱ ቃል፣ ሁለት ዓይነት ማሽን። ለእርጥብ አስፋልትና ለቀላል ጭቃ ሁለቱም ይበቃሉ። ወንዝ ለመሻገር ካሰባችሁ የተሳሳተ ሱቅ ገብታችኋል።

የሊትሩ ጉድ

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የዕቃ መጫኛው ስንት ሊትር ይይዛል ብዬ ስፈልግ፣ በአሜሪካው አለካክ ሲአር-ቪ 1,110፣ ራቭ4 ደግሞ 1,065 ሊትር ሆኖ አገኘሁት። ሲአር-ቪ አሸነፈ። በአውሮፓው አለካክ ደግሞ ሲአር-ቪ 561፣ ራቭ4 580። አሁን ራቭ4 አሸነፈ! መኪናው ያው ነው። አንደኛው አለካክ እስከ ጣሪያ ያለውን ቦታ ይቆጥራል። ሌላኛው አንድ አንድ ሊትር የሚሆኑ ትናንሽ ሳጥኖች እየደረደረ፣ ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ በታች ያለውን ብቻ ይለካል። የአንዱን ቁጥር ከአሜሪካ፣ የሌላውን ከአውሮፓ ወስዶ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው፣ አንደኛው መኪና የሌላው እጥፍ ነው ብሎ አምኖ ይገዛል።

የነዳጁም ቁጥር እንደዚሁ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከፈረንጆቹ መስከረም 2017 ጀምሮ ደብሊውኤልቲፒ የሚባል ጠንከር ያለ ፈተና የድሮውን ተክቷል። ስለዚህ የቀድሞ መኪና ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአዲሱ ያማረ ሊመስል ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች ከአንድ ፈተና ውሰዱ፤ ካልተገኘ ተዉት።

ለዕቃ መጫኛው ግን ከሊትር የተሻለ መላ አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ ለኩ፦ ወለሉ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ስፋት፣ የበሩ ክፍተት ቁመት፣ እና ዕቃ ለመጫን ከመሬት ስንት ሴንቲሜትር ማንሳት እንዳለባችሁ። ሦስተኛውን ማንም አያስበውም፤ ወገብ የሚያውቀው ግን እሱን ነው። እኔ የልጄን ጋሪ፣ አንድ ትልቅ ሻንጣና የእናቴን የሚታጠፍ መራመጃ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ቤት ልቀይር የመጣሁ መስሎት ነበር። ሦስቱንም ጫንኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ፎቶ አነሳሁ። ሌላኛው መኪና ላይም በዚያው ቅደም ተከተል ደገምኩት።

ፈታኟ እናቴ ናት

እናቴ የቀኝ ጉልበቷ ያማታል። ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ ትወድቃለች፣ ከፍ ያለ ላይ ትንጠላጠላለች። ስለ ፈረስ ጉልበት አንድ ቃል ሳትተነፍስ ከማንም በላይ መኪና የገመገመችልኝ እሷ ናት። ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ ያለ ችግር የምትነሳበትን ወንበር ከፍታ ለካሁ። ከዚያ የሁለቱን መኪና የኋላ ወንበር ከመሬት ለካሁ። ለቁጥሩ የቀረበው ለእሷ ይሻላል ማለት ነው።

ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ እንድትገባና እንድትወጣ ለመንኳት። አንዴ መግባት ማንንም አያደክምም፤ ችግሩ የሚታየው በሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ በሩ ራሱ ወሳኝ ሆኖ አገኘሁት። የሲአር-ቪ የኋላ በር ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ይከፈታል። እናቴ ጀርባዋን አዙራ ተቀመጠች፣ ከዚያ እግሯን አስገባች። ራቭ4 ላይ በሩ ያን ያህል ስለማይከፈት ጎንበስ ብላ፣ እግሯን አስቀድማ ነበር የምትገባው። «ያኛው ሶፋ ነው፣ ይሄኛው ታክሲ ነው» አለች። ደብተሬ ላይ እንዳለ ጻፍኩት።

የእግር ቦታም ይለያያል። በአምራቾቹ ቁጥር ሲአር-ቪ ከኋላ 1,026፣ ራቭ4 960 ሚሊሜትር አላቸው። ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ስትሰሙት ትንሽ ነው፤ ጉልበትና ወንበር መሃል ሲሆን ግን ብዙ ነው። በቁጥሩ ብቻ አላመንኩም። ባለቤቴ የፊቱን ወንበር ለራሱ አመቻቸ፣ ከዚያ ወርዶ በራሱ ወንበር ኋላ ተቀመጠ። ቀጥሎ የልጄን ወንበር አመጣሁ። አይሶፊክሱን፣ የልጅ ወንበር የሚቆለፍበትን ብረት፣ በእጃችሁ ዳስሱት። ወንበሩን በሁለቱም በኩል ግጠሙ። ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው ቀበቶውን ሳይታገል መቆለፍ መቻሉንም እዩ። ወደኋላ የሚዞር የሕፃን ወንበር ካላችሁ እሱን ገጥማችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ቦታ የሚበላው እሱ ነው።

እኔ ራሴ አጭር ነኝ። መሪው ላይ ስቀመጥ ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ የልጄን ጋሪ ከመኪናው ኋላ አስቁሜ፣ በመስታወትና በስፖኪዮ የት ድረስ እንደሚጠፋብኝ። ካሜራውን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ካሜራ ጭቃ ይይዘዋል።

መንዳቱ

በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ከአንድ ሰው ጋር። አንዱን ቅዳሜ ሌላውን በሳምንቱ ከነዳችሁ የምታወዳድሩት መኪናና ትዝታን ነው። እኔ ሲአር-ቪውን፣ ራቭ4ውን፣ ከዚያ እንደገና ሲአር-ቪውን ነዳሁ። የድጋሚው ዙር ነው ብዙ ያሳየኝ። ሬዲዮ ዝግ ነበር። ኋላ የተቀመጠችው እናቴን ድምፄን ሳልጨምር አነጋገርኳት። «ምን አልሽ?» ካለች ምልክት አደርጋለሁ። ዳገት ላይ ረገጥ ሲደረግ ራቭ4ው ሞተሩን ያስጮኻል። ሲአር-ቪው ለጆሮዬ ትንሽ ረጋ ያለ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ቆም ሂድ ሲሆን ግን ራቭ4ው በኤሌክትሪኩ ሹልክ ይላል፣ ደስ ይላል።

«ይሄኛው ይንጣል» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ጎማውን አንብቡ። 225/65 አር17 የሚል ጎማ ግድግዳው የ225 65 በመቶ፣ ማለትም 146 ሚሊሜትር ነው። 225/60 አር18 ደግሞ 135። ያ አንድ ሴንቲሜትር ጎማ ጉድጓድ ላይ ይሰማል፤ ጥፋቱ ግን የመኪናው ሳይሆን የጎማው ነው። ንፋሱንም በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አመሳክሩ። እና አንዴ በጨለማ ንዱ። መብራት ቀን ላይ አይፈተንም።

ነዳጁ በእናንተ ኪሎሜትር

የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሰጠው ቁጥር ራቭ4 ሃይብሪድ በ100 ኪሎሜትር 5.9 ሊትር ያህል፣ ሲአር-ቪ 1.5 ባለ አራት ጎማው 8.1 ሊትር ያህል ይጠጣሉ። ልዩነቱ 2.2 ሊትር ነው። በዓመት 25,000 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው 550 ሊትር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሃይብሪዱን ይግዛ፣ አለቀ። እኔ ሥራ የምሄደው በሳምንት ሦስት ቀን፣ 22 ኪሎሜትር ሄጄ ያንኑ እመለሳለሁ። ዓመቱን ሙሉ 7,000 አይሞላም። ለኔ ልዩነቱ 154 ሊትር ነው። ይህን በነዳጁ ዋጋ አባዙትና ሃይብሪዱ ከሚጨምረው ገንዘብ ጋር አስተያዩት። የኔ ሂሳብ ልዩነቱን ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር።

ሞዴሉን ሳይሆን ያቺን መኪና

ያገለገለ ስትገዙ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ ቀድሞ ተነስቷል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ምን እንደሚል መስማት ነበረባችሁ። ሌላ ቀን ተመለሱ።

1.5 ቱርቦው ላይ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ። በብርድ አገር አጭር አጭር ሲነዳ ቤንዚን ወደ ዘይቱ የመቀላቀል ጠባይ ታይቶበት፣ ሆንዳ በአሜሪካ ለ2017 እና 2018 ሲአር-ቪ የሞተር ዋስትናውን አራዝሟል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጠንቀቅ በሉ። ራቭ4 ሃይብሪድ ላይ ደግሞ ከሥር ወደ ኋላ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ኬብል መጋጠሚያ ሰው እንዲያይላችሁ አድርጉ። ጨው በሚበተንባቸው አገሮች ዝገት በልቶት ቶዮታም ዋስትና ያራዘመበት ቦታ ነው። የኋላ ወንበሩ ሥር ያለችው የባትሪ አየር ማስገቢያም በአቧራ አትታፈን።

ቀሪው ለሁለቱም አንድ ነው። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ጎኑ ላይ ያለችው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ትናገራለች፤ 2319 ከሆነ የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ሳቡት፤ የደረቀ ጭቃ ካለ ውሃ ገብቶባት ያውቃል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በሮቹ ላይ አሂዱ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ትንሽዬ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር ስህተቶች የምታነብ መሣሪያ) ስትሰኩ ኮምፒውተሩ «ፍተሻዬን ገና አልጨረስኩም» ካለ፣ ምናልባት አንድ ሰው ትናንት ማታ ስህተቶቹን አጥፍቷል። እኔ ካየኋቸው መኪኖች አንዱ እንዲህ ሆኖ ተገኝቷል። ሻጩ «ባትሪ ቀይሬ ነው» አለ። ባትሪው ላይ ሁለት ዓመት የሞላው አቧራ ነበር። አመስግኜ ሄድኩ።

ሲአር-ቪውን ገዛሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዘይቱን አያለሁ፣ ደግሞም አሸታለሁ፤ ጎረቤቶቼ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ባለቤቴ የመጀመሪያው ቀን ፊት ገብቶ ተቀመጠ፣ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ፣ እግሩን ዘረጋ። አሁንም ምንም አልተናገረም።