በደሴ ክረምት ትንሽ የነሐስ ዳንሰኛ ማፍሰስ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ ትንንሽ የባሌት ዳንሰኞቹን የሠራው በሰም ነበር፤ ወደ ነሐስ የተቀየሩት በ1917 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ነው። ሰሙን በሽቦና በቡሽ ይደግፈው ስለነበር ብዙዎቹ ተፈረካክሰዋል። እዚህ የምንሠራው ሰሙን በሸክላ ለብጠን፣ ሰሙን አቅልጠን አውጥተን፣ በባዶው ቅርጽ ውስጥ ነሐስ በማፍሰስ ነው። ስለዚህ እናንተ ሽቦ አታስገቡ፤ ሰሙ ሲወጣ ሽቦው ቅርጹ ውስጥ ቀርቶ የቀጭኑን ክንድ መንገድ ይዘጋል።

15 ሳ.ሜ. ለምትሆን፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ላነሳች ዳንሰኛ ንጹሕ የንብ ሰም ይበቃል። ክንዷ ከ4 ሚ.ሜ. አይቅጠን። 10 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለውን የሰም ቦይ (ሲቀልጥ ነሐሱ የሚገባበትን መንገድና አፍ የሚተወውን የሰም ዘንግ) ከወገቧ ጀርባ ግጠሙ እንጂ ከቆመችበት እግር አይሁን፦ ቀጭኑ እግር ቀድሞ ይረጋና ወገቧ ሲኮማተር የሚሞላው አጥቶ ይቦረቦራል። ከተነሣው እግር ጣትና ከእጆቿ ጫፍ ደግሞ 3 ሚ.ሜ. የአየር መውጫ ወደ ላይ አውጡ። አሁን ሁሉንም መዝኑ፤ ለ100 ግራም ሰም 1 ኪሎ ነሐስ ያስፈልጋል፦ 90 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ንጹሕ ቲን። አሮጌ የቧንቧ ጭንቅላት አታቅልጡ፤ ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ስለሆነ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጭ ጢሱም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

የመጀመሪያው ልባስ በጨርቅ የተነፋ ሸክላ ከድቅቅ ከሰል ጋር ነው፤ በብሩሽ ሦስት ጊዜ፣ እያደረቃችሁ። ከዚያ ሸክላ፣ አሸዋና የፈረስ ፋንድያ፣ 3 ሳ.ሜ. ያህል። ፋንድያው ሲቃጠል ለጋዙ ቀዳዳ ይተዋል።

ደሴ ላይ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በጭጋግ ወቅት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። እሳት አጠገብ ካስጠጋችሁት ሰሙ አብጦ ሸክላውን ይሰነጥቃል። ኮምቦልቻ ማውረድ ያፈጥናል፣ ግን ጥላ ውስጥ። በየጠዋቱ መዝኑት፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ሰሙን በቀስታ አውጡ፤ ከዚያ በከሰል እስኪቀላና አፉ ላይ ጥቁር እስኪጠፋ አቃጥሉት። ትኩስ እያለ በደረቅ አሸዋ ቅበሩት። ነሐሱን በ1,100–1,150 ዲግሪ ሳታቋርጡ አፍስሱ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይሞከርም፤ የፈሰሰ ነሐስ ውስጡ ያለውን ውኃ አፍልቶ ወለሉን ያፈነዳዋል። ቆዳ ጫማ፣ የፊት መከላከያ፣ ሰፊ ደጅ።

እጇ ሳይሞላ ከቀረ ቅርጹ ወይም ነሐሱ ቀዝቅዞ ነበር፣ አለዚያም የአየር መውጫው ተደፍኗል። ሰውነቷ ላይ ትናንሽ ቀዳዳ ከበዛ ሸክላው አልደረቀም ነበር።