ፓርኬ ከማስነጠፋችሁ በፊት ላስቲክ ዘርጉ

ሴራሚክ፣ ፓርኬ ወይስ ምንጣፍ እያላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የወለሉን እርጥበት እዩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ለጥፉ። ቢያንስ ለ24 ሰዓት አትንኩት። ስትገልጡት ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ጠቆር ካለ፣ ወለሉ ከመሬት እርጥበት እየሳበ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ላይ ፓርኬ ያብጥና መጋጠሚያው ይነሳል። ምንጣፍም ይሻግታል፤ ያ የታፈነ ሽታ ደግሞ ቢያጥቡትም ቶሎ አይለቅም። ሴራሚክ ግን ይችለዋል። ደረቅ ከሆነ እንደ ልባችሁ ምረጡ፤ እኔ ለመኝታ ቤት እግር የማያቀዘቅዘውን እንጨት እመርጣለሁ።

በበጋ ደረቅ የሆነ ወለል ክረምት ሲገባ ሊያረጥብ ስለሚችል፣ ከተቻለ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ሞክሩት። ገና በፈሰሰ ሊሾ ላይ ግን አትሞክሩት፤ የራሱን ውሃ ስላልጨረሰ ያሳስታችኋል።