ትምህርት ቤቱ የልጁን የክትባት ካርድ አልቀበልም ሲል

ካርዱ ሙሉ ነው፤ የአዲሱ አገር ትምህርት ቤት ግን «ኩፍኝ ይጎድላል» ብሎ ምዝገባውን ያቆማል። ካርዱ ላይ ክትባቱ በ9 ወር እንደተሰጠ ተጽፏል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፦ ብዙ አገሮች የሚቆጥሩት ልጁ 12 ወር ከሞላው በኋላ የተወጋውን ብቻ ነው። የ9 ወሩ ክትባት በከንቱ አልተሰጠም፤ ለምዝገባው ግን አይቆጠርም።

መፍትሔው ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለት ዶዝ ማስወጋት ነው፤ በመካከላቸው ቢያንስ 28 ቀን ይኑር። ለጉዞው የቢጫ ወባ ክትባት ካስፈለገ ቀኑ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ይቆጠር፤ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነውና። ትኬት ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ይህን ማስታወስ አይረዳም።

ሌላው ጣጣ ቀኑ ነው። «03/04» የሚለውን አንዱ ኤፕሪል 3፣ ሌላው ማርች 4 ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ክሊኒኩ አዲስ ዝርዝር ሲጽፍ ወሩን በፊደል፣ ክትባቱን በንግድ ስሙ ሳይሆን በሚከላከለው በሽታ ስም ያስፍር፤ ማኅተምና ፊርማም አይርሳ።

ካርዱ ከጠፋስ? አብዛኞቹን ክትባቶች መድገም ጉዳት የለውም፤ ለኩፍኝ ደግሞ ልጁ በሽታውን የመከላከል አቅም እንዳለው የሚያሳይ የደም ምርመራ መጠየቅ ይቻላል።