በገደሉ አፋፍ ከጎንደር እስከ ደባርቅ፦ የብስክሌት ጉዞ መመሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባው የአስፋልት መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በስተግራ በኩል የደጋው ምድር በድንገት ተቆርጦ ወደ አርማጭሆ ቆላ የሚወርድባቸው ገደሎች በየስፍራው ብቅ ይላሉ፤ በስተቀኝ ደግሞ የወገራ የገብስና የስንዴ ማሳ ዐይን እስከሚያይ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። በእኔ ግምት በአገራችን ለብስክሌተኛ ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ መንገዱ የሚመቸው ከፍታውን አክብሮ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ለሚነሣ ሰው ነው። ከጎንደር ሲወጣ በጉልበት የተጣደፈ ጋላቢ ገደሉ ዘንድ ሲደርስ ዙሪያውን የሚያይበት ዐቅም አይተርፈውም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮሶዬ አካባቢ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ደባርቅም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛ ያነሰ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ልዩነቱን እምብዛም ላይሰማው ይችላል፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ግን ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን ጎንደር ቢሰነብት ይበጀዋል። በእነዚህ ቀናት ሰውነትን ለማሟሸት በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ተስማሚ ነው። የደምቢያ ሜዳ ሰፊና ለጥ ያለ ሲሆን፣ መንገዱ የሚያበቃውም ጣና ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ደርሶ የደብረ ሲና ማርያምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ መመለስ አይገባም።

ለጉዞው የተሻለው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ የጠራ ስለሚሆን ከገደሉ አፋፍ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። ከጥር በኋላ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም አቧራና ጭጋግ ቆላውን ይሸፍነዋል። በክረምት ግን ጉሙ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ከመወፈሩ የተነሣ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ ብስክሌተኛውን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነውና፣ በሐምሌና በነሐሴ መሄድን አልመክርም። በጥምቀት ሰሞን የሚመጣም ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ።

ከወቅቱና ከአየሩ በፊት የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመንገዱ ጸጥታ ነው። ከመነሣት በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሄዶ ከደባርቅ የመጡ ሾፌሮችን መጠየቅ፣ የአካባቢውን አስተዳደርም ማነጋገር ያስፈልጋል። «ዛሬ ይቆይ» ከተባለ ያለ ክርክር መቆየት ነው።

ስለ ብስክሌቱ ሲነሣ፣ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ማርሹ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠራ ከባድ ማርሽ ያለው ብስክሌት በዚህ ዳገት ላይ ጉልበትን ይጎዳል። ከፊት ትንሹ ማርሽ ባለ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 32 ጥርስ ቢሆን ተቀምጦ በእርጋታ ለመውጣት ያስችላል። ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ አስፋልቱ በአንዳንድ ቦታ የተቦረቦረ በመሆኑ ቀጭን ጎማ በየጉድጓዱ ይቀጣል። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያና የሰንሰለት መፍቻ መያዝ ግድ ነው። በየከተማው ጎሚስታ አይጠፋም፤ ነገር ግን ለእሽቅድምድም ብስክሌት ልክ የሆነ የውስጥ ጎማ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብሎ መነሣት አያዋጣም።

መነሻው ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ቀን ላይ ቆላው በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ከዚህ የተነሣ ረፋዱ ላይ ደመና አፋፉን መሸፈን ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላም ነፋሱ በድንገት ከጎን እየመታ መሪ ያስለቅቃል። ማለዳ የተነሣ ሰው ሁለቱንም ይቀድማል። በሌላ በኩል በ1,000 ሜትር ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ኮሶዬ ከጎንደር ይልቅ 4 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ላብ ያረጠበው ሰው ሲቆም ደግሞ ብርዱ ይብስበታል። ስለዚህ ነፋስ የማያስገባ ቀላል ጃኬትና የእጅ ጓንት ከኪስ መጥፋት የለባቸውም።

ከከተማው ወጥቶ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀውን ወለቃን እንዳለፉ መንገዱ ወደ ደጋው መውጣት ይጀምራል። እስከ ኮሶዬ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የከፍታው ልዩነት 700 ሜትር ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። መንገዱ ግን ይወጣና ይወርዳል፤ የወረዱትን መልሶ መውጣት ስላለ በእግር የሚከፈለው ከዚያ ይበልጣል። እዚህ ላይ የሚረዳው መለኪያ ንግግር ነው። ጋላቢው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር ከቻለ ልኩን ይዟል፤ በየሁለት ቃሉ መተንፈስ ካስፈለገው ማርሹን ያቅልል፣ ፍጥነቱንም ይቀንስ። ፔዳሉን በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ጊዜ በቀላሉ ማዞር፣ በከባድ ማርሽ ተነሥቶ ከመርገጥ ይልቅ ጡንቻን ያቆያል። በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ውኃ መጠጣት፣ በየሰዓቱም አንድ ነገር መቅመስ ይገባል። ለዚህ መንገድ በሶን የሚያህል ስንቅ አላውቅም፤ በማር ተለውሶ በትንሽ በትንሹ ተጠቅልሎ ከተያዘ ኪስ ውስጥ አይበላሽም፣ ሆድም አይከብድም። ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዳገት ላይ እያኘኩ መተንፈስ ስለሚያስቸግር ለዕረፍት ቢቆይ ይመረጣል።

ኮሶዬ ሲደርሱ ከብስክሌት መውረድ የግድ ነው። ከፊሉ ሰው እየጋለበ ወደ ግራ ይመለከታል፤ ይህ ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ዐይን ወደሄደበት መሪውም ሳይታወቅ ይከተላል። በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ቆሞ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ብስክሌቱን እየገፉ ከአስፋልቱ ማዶ መሻገር ነው። ከጫፉም ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ መቆም ያሻል፤ ሣር የሸፈነው አፈር በተለይ ጠዋት ጤዛ ሲኖርበት በብስክሌት ጫማ ያንሸራትታል። ቆም ብሎ ለተመለከተ ሰው ጭላዳዎች ብዙ ጊዜ ከአፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይታያሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይለያል። ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ላይ ስለሆነ በማለዳ አፋፉ ላይ መገኘታቸው የተለመደ ነው። ምግብ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ የለመደ ጭላዳ ኋላ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ ነው። በአምባ ጊዮርጊስ ሻይ ጠጥቶ ውኃ መሙላት፣ ዳባት ላይ ምሳ መብላት በቂ ነው። መንገዱ የብስክሌተኛው ብቻ እንዳልሆነ ግን መዘንጋት የለበትም። በገበያ ቀን አህያና በግ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና ተማሪዎች አስፋልቱን ይሞሉታል። ከኋላ ድምፅ ሳያሰሙ በፍጥነት ማለፍ ሰውንም ከብትንም ያስደነግጣል፤ ከሩቅ ደወል ማሰማት፣ ሲጠጉም «እንደምን አደራችሁ» ማለት፣ ማሳ ላይ ለሚሠራ ገበሬ «እግዜር ያበርታ» ብሎ ማለፍ ተገቢ ነው። ልጆች እየሮጡ ሲከተሉ ፍጥነትን ቀንሶ ማነጋገር ከመሸሽ ይሻላል። ውሻ ሲመጣም ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ መራመድ ይበጃል፤ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይደለምና ይጠራዋል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ የጎማውን ቸርኬ ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ለቅቆ መዞር ነው። በረጅም ቁልቁለት መካከል ቆሞ ጥቂት ውኃ ቸርኬው ላይ ማንጠባጠብ ብዙ ይነግራል፤ ውኃው ቺስ ብሎ ከተነነ ሩብ ሰዓት ማረፍ ያስፈልጋል። መታጠፊያ ላይ ከአሸዋና ከእበት መጠንቀቅ፣ መስመርን ጠብቆ በቀኝ መውረድም አይዘነጋ።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በመሆኗ ማደሪያ አታጣም። ከደባርቅ ወዲያ ያለው ሊማሊሞ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ብዙዎችን ይስባል። የወረደ ሁሉ መልሶ መውጣት አለበትና፣ ቁልቁለት መውረድን በሚገባ ያልተለማመደ ሰው የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች ከላይ አይቶ ቢመለስ እመክራለሁ።

ወደ ጎንደር በብስክሌት የማይመለስ ሰው አውቶቡስ ላይ ማስጫን ይችላል። ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር፣ ፔዳሎቹን ፈትቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ብስክሌቱንም የማርሽ መለወጫው ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ከሁሉም ዕቃ በኋላ እንዲጫን ማድረግ ያስፈልጋል። ገመዱ ሲታሰር ራስ ቆሞ መመልከት ነው፤ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ጨርቅ በመካከል ካልገባ ገመዱ በየጉድጓዱ እየተፋተገ ቀለሙን ይልጠዋል።