ነጭ ዳር ወይስ ጥቁር? ለረጅም መንገድ ሞተር ጎማ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳሩ ነጭ የሆነ ጎማ እወዳለሁ። ትልቅ ሞተር ነጭ ጎማ አድርጎ በደሴ ፒያሳ ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያየው ሰው የለም። ግን ያው ሞተር ሰውና ዕቃ ጭኖ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ሊወርድ ነው። ስለዚህ ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ይህን የምለው ተሳስቼ ስላየሁት ነው።

የኔ ስህተት የጎማውን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ማንበቤ ነበር። በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ የሚሉ ፊደላት አሉ። ከእነሱ ኋላ የሚመጣው ጽሑፍ በአራት ቁጥሮች ያልቃል። የፊተኞቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሱቅ ገብቼ 1417 የሚል ጎማ አገኘሁ። ሻጩ «የ17 ነው፣ ገና አዲስ» አለኝ። አመንኩት። 17 ግን የፈረንጆቹ 2017 ነው። 14ኛው ሳምንት ደግሞ በእኛ 2009 ሚያዝያ መግቢያ ገደማ ይውላል። ስምንት ዓመት የተቀመጠ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛሁ ማለት ነው።

ይዤው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ነጩን ዳር በሁለት አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ገፋ አደረገው። ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። «አብሽር ወንድሜ፣ ብር ይመጣል። ይህን ግን አልገጥምልህም» አለኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከተመረተ አምስት ዓመት ያለፈውን ጎማ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ አልገዛም። ከመክፈሌ በፊትም በጣቴ ገፍቼ አየዋለሁ።

ነጩን ለብቻው ማየት ጥሩ ነው። ጎማ በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም። የሚያጠቁረው ካርቦን ብላክ የሚባል እንደ ጥላሸት ያለ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ላስቲኩን ያጠነክረዋል፣ ከፀሐይም ይከላከልለታል። ነጩ ዳር ያ ዱቄት የለበትም። ለዚህ ነው ቶሎ ቢጫ የሚሆነውና እንክብካቤ የሚፈልገው። መንገድ የሚነካው የጎማው ጥርስ ግን ያው ጥቁር ነው። «ነጭ ጎማ መንገድ አይዝም» የሚሉ አሉ፤ ዳሩ ነጭ በመሆኑ ብቻ እንዲህ ማለት ልክ አይደለም።

ሌላው ከባድ ስህተት «ይገጥማል» የሚለውን ቃል ማመን ነው። ነጭ ዳር ያለው ጎማ በብዙ ልክ አይገኝም። የሌለ ልክ ስንጠይቅ የቀረበው ይሰጠናል። ለምሳሌ የሃርሊ ሮድ ኪንግ የኋላ ጎማ ለብዙ ዓመታት 180/65 ቢ 16 ነበር። የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ጂ ኤል 1800 ደግሞ እንዲሁ ለብዙ ዓመታት 180/60 አር 16 ነበር። ስፋታቸው (180) አንድ፣ የቸርኬያቸው ልክም (16) አንድ። ግን ከፍታቸው (65 እና 60) ይለያያል። ፊደሉም የውስጥ አሠራራቸው የተለያየ መሆኑን ይናገራል፤ አር ማለት ራዲያል ነው፣ የውስጥ ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የተዘረጉበት፤ ቢ ደግሞ ክሮቹ በሰያፍ የተሠሩበት ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቸርኬው ላይ ያለውን አሮጌ ጎማ አይተንም «እንዲህ ያለውን ስጠኝ» ማለት የለብንም፤ የቀድሞው ባለቤት ተሳስቶ ገጥሞት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ልክ ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ላይ አለ።

ከልኩ ቀጥሎ የጭነቱ ቁጥር አለ። 71 ከሆነ አንዱ ጎማ የሚችለው 345 ኪሎ ነው። 77 ከሆነ 412 ኪሎ። ሁለቱም እንደሚገባው ሲነፉ ነው። ከኋላ ሰው፣ በጎንና በጎን ሻንጣ፣ ከባቲ ገበያ የተገዛ ዕቃ ሲደመር የ67 ኪሎ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ብር ሲያጥር የፊቱን ብቻ ነጭ አድርገን የኋላውን አሮጌ የምንተወው ነገርም አለ። ለዓይን ብቻ ቢሆን ምንም አልልም። ችግሩ አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ፣ አሠራራቸውም የተለያየ ሲሆን ነው። ኩርባ ላይ ሞተሩ የሚተኛው በሁለቱም ጎማ ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ሲረጥብ ፊትና ኋላ የማይስማማ ሞተር ይዞ መውረድ ያስፈራል። ብሩ ለሁለት ጥቁር ከበቃ ሁለት ጥሩ ጥቁር ግዙ።

ጥቁሩን ጎማ ነጭ ቀለም መቀባት አይበጅም። ላስቲክ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ የቀለሙ ማቅጠኛም ላስቲኩን ይጎዳል። በቸርኬና በጎማ መካከል የሚሰካው ነጭ ቀለበትም ኮረኮንች ላይ አቧራና አሸዋ ይሰበስባል። ከዚያ ጎማውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

አዲስ ነጭ ጎማ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነገር ተቀብቶ ይመጣል። አትደንግጡ፣ ነጩ እንዳይቆሽሽ ነው። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል። ቤንዚን እንዳታስነኩት።

የመጨረሻው የችኮላ ስህተት ነው። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል። የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን በኃይል አለመያዝ፣ ኩርባ ላይም ብዙ አለመተኛት ነው። እኔ አሁን ጎማ የማስገጥመው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ በቀስታ ሄጄ እመለሳለሁ። ሐረጎን የምወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ አስፋልቱ ደርቆ ካገኘሁት።