ጆይስቲኩን ከመውቀሳችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ «ጆይስቲክ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በሁለት እጅ የሚያዘውን የፕሌይስቴሽኑን ነው። እኔ የማወራው ሳጥን ላይ ስለሚተከለው፣ ጫፉ ላይ ኳስ ስላለው ዘንግ ነው። እቤታቸው የአርኬድ ሳጥን፣ ማለትም ዘንግና ቁልፍ የተተከለበት የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ሳጥን፣ የሚሠሩ ልጆች ሲቸግራቸው እኔ ጋ ብቅ ይላሉ። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ስህተት አለ፤ ደጋግሜ እያየሁት አንጀቴ ያራል።

ባለፈው አንዱ ከአዘዞ ሳጥኑን በባጃጅ ጭኖ መጣ። «ጋሼ፣ ፓክማን መታጠፊያው ላይ አልታጠፍ ይለኛል። ሦስተኛ ጆይስቲክ ልግዛ?» አለኝ። ሁለት ቀይሯል። ሁለቱም ደህና ነበሩ! እባካችሁ ስሙኝ፦ ከዘንጉ ሥር አራት ማይክሮስዊቾች፣ ማለትም ሲጫኑ ትእዛዝ የሚልኩ ትንንሽ ማብሪያዎች፣ አሉ፤ ለላይ፣ ለታች፣ ለግራ፣ ለቀኝ። ዘንጉን በሰያፍ ስትገፉት ሁለቱ አንድ ላይ ይጫናሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. ለወጣው የድብድብ ጨዋታ፣ ለስትሪት ፋይተር 2፣ ይህ የግድ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ጠባብ መንገዶች ውስጥ የሚሮጡበት ፓክማን ግን የተሠራው በአራት አቅጣጫ ብቻ ለሚሄድ ዘንግ ነው። ሁለት ትእዛዝ ባንዴ ሲደርሰው መታጠፊያው ያመልጣችኋል። ዘንጉ ምንም አላጠፋም።

መፍትሔው ከሥር ያለችው ፕላስቲክ ናት። ጌት ትባላለች፤ ዘንጉ የት ድረስ እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ናት፣ ማዕዘኖቿም በሰያፍ በኩል ናቸው። 45 ዲግሪ ስትዞር ማዕዘኖቹ በአራቱ አቅጣጫዎች ይሆናሉ፤ ሰያፉ ይዘጋል። ሳንዋ ጄኤልኤፍን የመሰለ ጌቱ የሚስተካከል ዘንግ ከገዛችሁ ሁለቱንም ጨዋታ በአንድ ዘንግ ትጫወታላችሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የምትጠይቁት ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ጌቱ ይሁን። የአዘዞውን ልጅ ጌት አዞርንለት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

የጣውላ ውፍረትም አለ። ዋንዛ ያምራል፤ ግን 3 ሳንቲም ውፍረት ባለው ጣውላ ሥር የታሰረ ዘንግ ከላይ ጉቶ ሆኖ ይቀራል፣ እጅ አይሞላም። አናጢው ዘንጉ የሚታሰርበትን ቦታ ከሥር ጎድጎድ ያድርግላችሁ።

ገጸ ባሕሪው ሳትነኩት የሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሽቦው የታሰረው የማይክሮስዊቹ የተሳሳተ እግር ላይ ነው።

ዘይት አታፍስሱ። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ዘንጉ ሲንጫጫብኝ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩበት። ለጥቂት ቀን ለሰለሰ። ከዚያ የበጋው አቧራ ገባና ከዘይቱ ጋር ጭቃ ሆነ፤ ፈትቼ በጥጥ ስጠርግ ዋልኩ። የሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ላይ ብቻ ቀቡ። ማይክሮስዊቹ ውስጥ ምንም አይገባም።

ዘንጉን ወደ መሃል የሚመልሰውን ሞላና ጌቱን በአንድ ቀን አትቀይሩ። አንዱን ቀይራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ተጫወቱበት፤ አለዚያ የትኛው እንዳሻለው፣ የትኛው እንዳባሰው አታውቁም። ጠንካራ ሞላ ደግሞ የጌትን ችግር አይፈታም፤ እጅ ብቻ ያደክማል።

ኳስ ይሻላል ወይስ ረዥሙ እጀታ? እጃችሁ የለመደውን ያዙ።

የላዩን ጣውላ ደግሞ በሚስማር አትምቱት። በማጠፊያ ይከፈት። የመጀመሪያ ሳጥኔን በሚስማር ዘግቼው ነበር። አንዲት የላላች ሽቦ ለማጥበቅ ሚስማሩን ስነቅል ኮምፐንሳቶው ተሰነጠቀ፤ የላዩን ክፍል እንደ አዲስ አሠራሁት።