በብርድ አገር ቤት ውስጥ ቡታጋዝ ሲያፈተልክ

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ደጋዎች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ይቀረቀራል፣ በበሩ ሥር ንፋስ እንዳይገባም አሮጌ ባና ወይም የተጠቀለለ ጆንያ ይወተፋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የሚነቀፍ ልማድ አይደለም። ይሁንና እዚያው ክፍል ውስጥ የቡታጋዝ ሲሊንደር ካለ፣ ባናው የደፈነው ክፍተት አፈትልኮ የወጣ ጋዝ ከቤት ሊወጣበት የሚችልበት ዋናው መንገድ ስለሆነ ነገሩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

ቡታጋዝ የምንለው ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች ተጨምቀው፣ ወደ ፈሳሽነት ተለውጠው ሲሊንደር ውስጥ የታሸጉበት ነው። ፕሮፔን ከአየር 1.5 ጊዜ፣ ቡቴን ደግሞ 2 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በዚህ ምክንያት አፈትልኮ የወጣ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለሉን ይዞ አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ሥር ይተኛል፣ ዝቅ ያለ ክፍል ወይም የውሃ መውረጃ ቦይ ሲያገኝም ወደዚያ ይወርዳል። ከክፍሉ አየር 2 በመቶ ያህሉ ጋዝ ከሆነ በአንዲት ብልጭታ ለመቀጣጠል ይበቃል። ጎንና ጎኑ 3 ሜትር የሆነ ማዕድ ቤት እዚህ መጠን ላይ ለመድረስ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ጋዝ ይበቃዋል፤ ጋዙ በወለሉ ላይ ስለሚከማች ደግሞ ታች ታቹ ከዚህም በጣም ባነሰ ጋዝ ለእሳት የተዘጋጀ ይሆናል።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የበሰበሰ እንቁላል ወይም የበሰበሰ ጥቅል ጎመን የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመር ነው። እኛ ቤት ይህን ሽታ መጀመሪያ ያወቀችው ሕፃን ነበረች። አንድ የታኅሣሥ ምሽት ትልልቆቹ ወንበር ላይ ሆነን ስንጫወት፣ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተኝታ የነበረችው የአራት ዓመት የእኅቴ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «እዚህ ታች እንቁላል ሸተተ» አለች። እኛ ምንም አልሸተተንም ነበር። ጎንበስ ስል ግን ሽታው አፈነኝ፤ ቱቦው ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ኖሯል። ስለዚህ ሽታ የጠረጠረ ሰው ቆሞ ብቻ ሳይሆን ጎንበስ ብሎም ያሽት እላለሁ። በሌላ በኩል አፍንጫ ሽታን ቶሎ ስለሚለምድ፣ ከውጭ የገባ ሰው «ጋዝ ይሸታል» ካለ ቤት ውስጥ የቆየው ሰው መከራከር የለበትም። ጉንፋን የያዘው ሰውም በአፍንጫው ባይታመን ይሻላል።

ከሽታው ሌላ በሲሊንደሩ ራስ አካባቢ «ስስስ» የሚል ድምፅ፣ በመገናኛው ላይ ያለ ምክንያት የሚታይ ውርጭ፣ ወይም ከወትሮው ቀድሞ የሚያልቅ ጋዝ ፍሳሽ መኖሩን ያመለክታሉ። የጋዝ ሽታ ሳይኖር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ ግን ምክንያቱ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ማውጣት ይገባል።

ሽታው ሳይኖር ቱቦውን ለመመርመር፣ ለምሳሌ አዲስ ሲሊንደር በተገጠመ ቁጥር፣ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠው በስፖንጅ የሲሊንደሩን ራስ፣ ሬጉሌተር የሚባለውን የግፊት መቆጣጠሪያና የቱቦውን ሁለት ጫፎች ይቀቡ። የምድጃው መክፈቻ ተዘግቶ ሲሊንደሩ ሲከፈት አረፋ እያደገ የሚወጣበት ቦታ ካለ፣ ጋዙ የሚያፈተልከው በዚያ ነው። ክብሪት ጭሮ ወደ መገናኛው አስጠግቶ መሞከር በሰፈራችን እስከ ዛሬ ያልጠፋ ልማድ ነው፤ ይህንን የሚያደርግ ሰው ካዩ እባክዎ እጁን ይያዙት።

ሽታው ቤቱን ከያዘ ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አለመንካት ነው። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ሲበራም ሆነ ሲጠፋ ውስጡ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ስለዚህ የበራው እንደበራ፣ የጠፋው እንደጠፋ ይቆይ። ከሶኬት ምንም አይንቀሉ፣ ስልክዎንም እዚያ ክፍል ውስጥ አይጠቀሙበት። በእኛ አገር መርሳት የማይገባው ሌላ ነገር አለ፦ መብራት ጠፍቶ ከሆነ፣ ሲመጣ አምፖሉና ፍሪጁ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይነሣሉ። ስለዚህ «መብራት ስለሌለ ችግር የለም» ብሎ ቤት ውስጥ መቆየት አደገኛ ስሕተት ነው። ቆጣሪው ከቤት ውጭ ጋዙ በማይደርስበት ቦታ ካለ፣ ከዚያ ማጥፋት ይቻላል።

ሲሊንደሩ እጅ በሚደርስበት ቦታ ካለና እሳት ካልተነሣ፣ መክፈቻውን ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉ። ከዚያ በበሩ ሥር ያለውን ባና አንሥተው በሩንና መስኮቱን ይክፈቱ። ቡና ተፈልቶ በረንዳው ላይ የጋለ ማንደጃ ካለ ግን፣ ጋዙ በበሩ ሥር ወጥቶ ፍሙ ላይ እንዳይደርስ፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ከውጭ ያለ ሰው ማንደጃውን ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያርቀው። ማንደጃው እዚያው ክፍል ውስጥ ካለ ውሃ አይድፉበት፣ ፍሙም እንዲነሣ አይንኩት፤ ሰዎቹን ይዘው ይውጡ። ጋዙን በብርድ ልብስ ለማራገብም አይሞክሩ። በደረቁ የበጋ ብርድ የናይለን ብርድ ልብስ ሲገፈፍ «ጠጥ ጠጥ» የሚለው ድምፅ ብልጭታ መሆኑን በጨለማ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ሕፃናትና አረጋውያን ቀድመው ይውጡ። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች ካሉ ጮክ ብለው ይንገሯቸው፤ ጋዙ በግድግዳ ሥር ወደ ጎረቤት ሊያልፍ ስለሚችል እነሱም ክብሪት እንዳይጭሩ። በሩን የሚያንኳኩት በእጅ እንጂ በኤሌክትሪክ ደወል አይሁን። ለእሳት አደጋ መከላከያ የሚደወለው ከቤቱ በደንብ ከተራቀ በኋላ ነው፤ የከተማዎን ቁጥር ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ መዝግበው ይያዙት። የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መክፈቻው ተዘግቶም ከራሱ ከሲሊንደሩ ጋዝ የሚወጣ ከሆነ፣ ያለ ችግር መሸከም ከተቻለ ቀጥ እንዳለ ወደ ገላጣ ቦታ፣ ከጉድጓድና ከቦይ ወደራቀ ስፍራ ይወሰድ። ማስተኛት ግን ክልክል ነው። የተኛ ሲሊንደር በጋዙ ፋንታ ፈሳሹን ይለቃል፣ ፈሳሹም ወደ ጋዝነት ሲለወጥ 250 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ፈሳሹ ቆዳ ከነካ እንደ ውርጭ ስለሚያቃጥል ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል።

የሚከተለውን ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። ቱቦው ላይ እሳት ተነሥቶ መክፈቻው መዘጋት ካልቻለ፣ እሳቱን ለብቻው ለማጥፋት መታገል አይገባም። የሚነደው ጋዝ የት እንዳለ ይታያል፤ እሳቱ ጠፍቶ መፍሰሱን የቀጠለ ጋዝ ግን ቤቱን ሞልቶ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። መክፈቻው ከተደረሰበት እጅን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መዝጋት ነው፤ ካልተደረሰበት ሁሉንም ሰው አውጥቶ መራቅ ነው። ለተቃጠለ ሰው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የሚወርድ ውሃ እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም።

በደጋው ብርድ የሚመጣ አንድ ፈተና ደግሞ አለ። በውርጭ ማለዳ ሲሊንደሩ ስለሚቀዘቅዝ እሳቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩን ከማንደጃ አጠገብ የሚያስቀምጡ፣ የፈላ ውሃ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ። ሙቀት የሲሊንደሩን ግፊት ስለሚጨምር ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ትንሽ ታግሶ ፀሐይ ቤቱን እስክታሞቀው መጠበቅ ይሻላል። በሸዋ ሮቢት ቆላ የሚኖር ሰው ደግሞ በተቃራኒው ሲሊንደሩን ከቀጥታ ፀሐይ ማስጠለል ይኖርበታል።

ሽታው ጠፋ ብሎ በዚያው ምሽት ምድጃውን ማብራት አይገባም። የተሰነጠቀ ቱቦ በፕላስተር አይጠገንም፤ በላስቲክ ከረጢት አይታሰርም፤ ለጋዝ ተብሎ በተሠራ ቱቦ ተለውጦ በሁለቱ ጫፍ በብረት ማሰሪያ ይጠበቃል፤ የሳሙናው ምርመራም ይደገማል። ከተቻለ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ባለበትና ሥሩ ክፍት በሆነ የብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀመጥ፣ ሌባም አይወስደው፣ ያፈተለከ ጋዝም በነጻ አየር ይበተናል። ይህ የማይቻል ከሆነና ሲሊንደሩ ማዕድ ቤት ውስጥ ከቆየ፣ ወደ ግቢ በሚከፈተው በር ሥር ያለው ክፍተት ሳይደፈን ይተው፤ ባናው ማዕድ ቤቱን ከመኝታ ክፍሉ በሚለየው በር ሥር ይሁን።